ምን እንደሚሸጥ ሳላውቅ

ከኳላ ላምፑር ነው የመጣሁት ማታ፣
አልወጣ አልወርድ ብሎ ሊፍት ቢያመነታ።
ፔናንግ ሆቴል ውስጥ ነው። ሆዴ ግን ቀድሞኝ ገብቶ
ይጮህ ጀመር ገና ከእንቅልፉ ተነስቶ።

ከገበያው ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሰልፍ ተጠምዝዞ ይሄዳል ወደ ኋላ።
ምን እንደሚሸጥ አላውቅም።
አልጠየቅኩም።
ሰው የቆመለት ነገር መቼስ ከንቱ አይሆንም፣
ይህን ያህል ሕዝብ ባንዴ አይሞኝም፤
ቢሞኝም ደግ ነው፣ ብቻዬን አልሆንም።

ከፊቴ ሚስተር ቴኦ፣ ጡረታ የወጡ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጡ፣
በእጃቸው ባለ ሦስት ድርብ የብረት ምሳ ዕቃ።
"አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሚስቴ፣ አንዱ ላማቴ ነው፤
ዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ ጥርሳቸው አልቋል፣
ምላሳቸው ግን የነቃ!"
ከኋላዬ ሬቫቲ፣ የሌሊት ፈረቃ ነርስ፣
ቆማ ታንቀላፋለች፤
ሰልፉ ሲራመድ እግሯ ብቻ ይነሣል፣
ዓይኗን ሳትገልጥ ትደርስ።

ሽታው መጣ።
የሽሪምፕ ቅርፊት ነው፣ ተጠብሶ፣ ተወቅጦ፣
ከአጥንት ጋር ሌሊቱን ድስት ውስጥ ተቀምጦ፣
ባሕሩ ከነጨዉ ወደ ቀይ ተለውጦ።
ሰልፉ ዝም አለ፤
ወሬው ተቋርጦ ምራቅ ብቻ ቀጠለ።

ጋይክ ቹ ነች ሻጪዋ። ቀና ብላ ሰው አታይም።
ባንድ እጇ ኑድል ትነክራለች፣ ታወጣለች፣ ታራግፋለች፤
ቀኟ የምትሰጠውን ግራዋ አታውቅም፣
ግራዋ ግን ሒሳብ አትስትም።

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ። "ሊፍቱስ?"
"እየተንቀሳቀሰ ነው" አልኩት፣ "ቀስ በቀስ።"
"ስንተኛው ላይ ደረስክ?" ከፊቴ ሰው ቆጥሬ
"ስምንተኛው ላይ፣ እየወረደ ነው" አልኩት ደፍሬ።

ሚስተር ቴኦ ደረሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሞላ።
"አለቀ" አለች ጋይክ ቹ፤
ሌላ ቃል የላትም ከዚያ በኋላ።

ሬቫቲ ነቃች። "ምን አለች?"
"አለቀ አለች።"
"ሁሌም እኔ ጋ ሲደርስ ነው" ብላ
ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ሽማግሌው ምሳ ዕቃውን አይተው፣ እኛን አይተው፣
"ጥርስ የላቸውም አልኩህ እኮ" አሉ፣
"ላማቴ ሾርባው ይበቃል፤ ኑድሉ ለናንተው።"

ተቀመጥን ቀይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ።
የሻይዋ ባለቤት መጣች፣
"ጠረጴዛው በነጻ አይደለም! በሉ፣ ሻይ!"
አንድ ሳህን፣ ሁለት ሰው፣ አራት የእንጨት ዘንግ፣
ግማሽ እንቁላል፣ ሁለት ሽሪምፕ፣ የድልህ ጠብታ በዳር።
ሬቫቲ ሽሪምፖቹን ሁለቱንም አነሳች፤
ሌሊቱን ሙሉ የቆመች ሴት፣ ማን ደፍሮ ሊናገር?

ሦስት ጉርሻ ደረሰኝ።
የመጀመሪያውን ቸኩዬ ዋጥኩት፣ አፌ ተቃጠለ።
ሁለተኛው በወሬ መሐል ሳላየው ኮበለለ።
ሦስተኛውን ምላሴ ላይ አቆምኩት፣
እንደ ሊፍቱ፣ አልወጣ አልወርድ እንዳለ።

"ስሙ ማነው ግን?" አልኩ በመጨረሻ።
ሚስተር ቴኦ ሳቃቸው ከሻዩ ጋር ተቀላቀለ፣ ፈሰሰ።
"ስሙን ብነግርህ ትሳሳታለህ፤
እናንተ ከተማ በዚሁ ስም የሚጠሩት
ሌላ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ሾርባ ያልቀመሰ።
ስሙን ተወው። ሰዓቱን ያዝ፤ አሥራ ሁለት፣ ጎህ ሲቀድ።"
ምሳ ዕቃውን አንጠልጥለው ሄዱ፣
ላማታቸው ሾርባ እንዳይበርድ።

ስልኬ ደግሞ ጮኸ። "አለቀ?" አለኝ አለቃዬ።
"አለቀ" አልኩት፣
ድስቱ ሲታጠብ እያየሁ፣ ሊመጣ እንባዬ።
"ጎበዝ! ታዲያ ይሠራል?"
"እሱን ነገ ነው የምናየው፣
ከአሥራ ሁለት በፊት" አልኩት፤
"ከዘገየሁ አላገኘው።"